ለማይሰማ ልጅ የቱ ይሻላል? የከንፈር ንባብ ወይስ የምልክት ቋንቋ?

ጎንደር ላሉ ወላጆች ጥያቄው ቀላል አይደለም።

የከንፈር ንባብ፦ ቤተሰቡ አዲስ ቋንቋ አይማርም። ድካሙ በሙሉ የልጁ ነው። «በ»፣ «መ» እና «ጰ» ከንፈር ላይ አይለዩም። አእምሮው በግምት ሲጠመድ ለማስታወስ የሚተርፈው አቅም ያንሳል። ቅዳሜ ገበያ ላይ ደግሞ ነጋዴው ፊቱን ካዞረ አለቀ።

የምልክት ቋንቋ፦ አያት ሳይቀሩ መማር አለባቸው፤ ዋናው ወጪ ይኸው ነው። በሙከራዎች፣ በቅደም ተከተል የሚታወሱት ምልክቶች 5 ገደማ ናቸው፤ የሚነገሩ ቃላት ግን እስከ 7 ይደርሳሉ። ታዲያ ይህ የብልህነት ማነስ አይደለም! ቅደም ተከተሉ ካልተጠየቀ ልዩነቱ ይጠባል።

በመሣሪያ ታግዞ በመጠኑ ለሚሰማ ልጅ የከንፈር ንባብ ጥሩ ድጋፍ ነው። ገና አፍ ላልፈታ ሕፃን ግን እኔ ምልክቱን አስቀድማለሁ።