«ሰንጁትሱ» በሸክላ፣ ከዘጠኝ ወር በኋላ

የእንግሊዙን የሄቪ ሜታል ሙዚቃ ቡድን የአይረን ሜይደንን አልበም «ሰንጁትሱ» በሦስት ሸክላ የታተመውን ከገዛሁ ዘጠኝ ወር አለፈኝ። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ በስልኬ ሁለት ሦስት ጊዜ ሰምቼ «ምን እንዲህ ያስረዝመዋል!» ብዬ ትቼው ነበር። በዲሴምበር 2024 ከበሮ መቺው ኒኮ ማክብሬይን ከኮንሰርት ጉዞ መሰናበቱን ሲያስታውቅ ግን ሆዴ ባባ። ከ40 ዓመት በላይ ከዚያ ከበሮ ጀርባ የተቀመጠ፣ በ2023 መጀመሪያ ስትሮክ መትቶት እንኳ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መድረክ የወጣ ሰው ነው። ከቡድኑ ጋር የሠራውን የቅርብ ጊዜ አልበም በስልክ ድምፅ ማጉያ ሰምቼ መጣሌ ከነከነኝና 40 ፓውንድ ገደማ ከፍዬ ሸክላውን አዘዝኩ። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ያለችውን እዚህ አልደግመውም።

ስለ ዕቃው ቶሎ ልጨርስ። ከሦስቱ ሸክላዎች አንዱ ጎብጦ ደረሰኝ፤ መርፌው ጀልባ ላይ የተቀመጠ ይመስል ነበር። የሸጠልኝ ሱቅ ከሦስት ሳምንት ምልልስ በኋላ ቀየረልኝ። የውስጥ ወረቀቶቹ ብናኝ ስለሚተፉ በሁለተኛው ወር አውጥቼ ጣልኳቸውና ለስላሳ ከረጢት ገዛሁላቸው። ሽፋኑ ያማረ ነው፦ የቡድኑ አርማ የሆነው ኤዲ የሳሙራይ ጥሩር ለብሶ ሰይፉን ይዞ ቆሟል። ባለቤቴ ግን ልጆቹ የሚተኙበት ክፍል በር ፊት ለፊት እንዲህ ያለ ፍጡር አይቆምም ብላ ወደ ግድግዳ አዞረችው። በአልበሙ ውስጥ «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» የሚል ዘፈን እንዳለ፣ የቪዲዮው ታሪክም ከትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 5፣ ከብልጣሶር ግብዣና ከ«ማኔ ቴቄል ፋሬስ» የመነጨ እንደሆነ አስረዳኋት። አዳምጣኝ ስታበቃ «እንግዲያው ግድግዳውን ያንብብ» አለችኝ። ኤዲ እስከ ዛሬ ግድግዳውን እያነበበ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ይህን ቡድን የሚወድ ሰው ሁሉ አንድ ቀን መልስ የሚጠየቅበት ነገር አለ፦ አዲሱ ወይስ የድሮው?

የሌሊት ተረኛ ሆኜ ለንደን ውስጥ በምሠራበት ቦታ አንድ እንግሊዛዊ ባልደረባ አሉኝ። በእንግሊዝኛ አንቱታ የለም፤ እኔ ግን ስድሳ ያለፈውን ሰው አንተ ማለት አፌን ስለሚይዘኝ እዚህ አንቱ እያልኩ እቀጥላለሁ። ተወልደው ያደጉት በምሥራቅ ለንደን ሌይተን ነው፤ ባስ ጊታር ተጫዋቹ ስቲቭ ሃሪስ በ1975 በገና ዕለት ቡድኑን የመሠረተበት ሰፈር። በጥቅምት 1984 ሀመርስሚዝ ኦዲዮን አዳራሽ ገብተው አይተዋቸዋል። የመግቢያ ትኬቱን ቁራጭ አሁንም በቦርሳቸው ይዘው ይዞራሉ፤ ጽሑፉ ጠፍቶ ባዶ ወረቀት ከሆነ ቆይቷል። ለእሳቸው ነገሩ ያለቀለት ነው፦ አይረን ሜይደን ማለት ከ1980 እስከ 1988 ያሉት ሰባት አልበሞች ናቸው፤ የቀረው ጡረታ ነው።

የእኔ የድሮ ፍቅር ደግሞ እንዲህ ነው የጀመረው። አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድሜ ከጓደኛው ያስቀዳው አንድ ካሴት ነበር፤ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ሜደን» ተብሎ የተጻፈበት፣ የ1984ቱ «ፓወርስሌቭ»። አልበሙ 51 ደቂቃ ነው። ካሴቱ ባለ 46 ነበር። ስለዚህ አንደኛው ፊት የመጨረሻውን ዘፈን ጫፍ ይበላል፤ ሁለተኛው ፊት ደግሞ የባሰ ነው፤ በባለቅኔው ኮልሪጅ ግጥም ላይ የተመሠረተው፣ ስለ አንድ መርከበኛ የሚተርከው «ራይም ኦፍ ዚ ኤንሸንት ማሪነር» 13 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ሲሆን፣ የእኛ ካሴት ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀረው ጧ ብሎ ይቆማል። ያ መርከበኛ ለእኔና ለወንድሜ ዓመታት ሙሉ አገሩ አልገባም። ለንደን መጥቼ ዘፈኑን እስከ ዳር የሰማሁ ቀን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ቅር አለኝ፤ በሐሳባችን የሠራንለት ፍጻሜ ይበልጥ ነበር።

ይህን የምጽፈው የድሮውን ለማጣጣል አይደለም። አንድን ካሴት ሌላ ካሴት ስለሌለ ብቻ መቶ ጊዜ የሰማ ጆሮና ስልኩ ውስጥ የዓለም ሙዚቃ ሁሉ ያለበት ጆሮ አንድ ዓይነት ፈራጅ እንዳልሆኑ ግን ከራሴ አውቃለሁ። ለ«ሰንጁትሱ» በ2021 የሰጠሁት ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። ለ«ፓወርስሌቭ» ልጅነቴን ሰጥቼዋለሁ። ሁለቱ አልበሞች የወጡት በአንድ ዕለት መሆኑን ያየሁት ሸክላው ቤቴ ከገባ በኋላ ነው፦ ሁለቱም ሴፕቴምበር 3፣ በመካከላቸው ልክ 37 ዓመት።

ስለዚህ ለራሴ ደንብ አወጣሁ፤ ከሥራ ስመለስ፣ ልጆቹ ሳይነሱ፣ በጆሮ ማዳመጫ በቀን አንድ ፊት። ሦስት ሸክላ ስድስት ፊት ነው፤ 82 ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሰከንድ የቀረውን አልበም ለመጨረስ አምስት ጊዜ ከወንበር መነሳት አለ። ባልደረባዬ በዚህ ይስቃሉ። «ፓወርስሌቭን ለመስማት አንድ ጊዜ ነው የምነሳው» ይላሉ። እኔ ደግሞ ይህ መነሳት እንደጠቀመኝ በሦስተኛው ወር ገባኝ። በስልክ ሲሰማ አሥሩ ዘፈኖች አንድ ረጅም ግራጫ ነገር ሆነው ይፈሳሉ። በሸክላ ግን በየ14 ደቂቃው ገደማ ዝምታ አለ፤ ጆሮ ያርፋል፤ ቀጣዩ ዘፈን እንደ ቀጣይ ዘፈን ይጀምራል።

ድምፁስ? የ2019ኙን የፓሪስ ቀረጻ ያዘጋጁት ኬቨን ሸርሊና ራሱ ሃሪስ ናቸው። ቡድኑ አብሮ እየተጫወተ የተቀረጸ ዓይነት ሞቅታ አለው፤ ችግሩ ሦስት ጊታርና ኪቦርድ አንድ ጠባብ በር ላይ መጋፋታቸው ነው። የዘፋኙ የብሩስ ዲኪንሰን ድምፅ ከጋቢ ስር እንደሚናገር ሰው የሚሆንበት ቦታ አለ፤ «ስትራቴጎ» ላይ ኪቦርዱ ዜማውን ተከትሎ ይደርብበታል። የድሮዎቹ አልበሞች፣ ከ1981 እስከ 1992፣ በአዘጋጁ በማርቲን በርች እጅ ያለፉ ናቸው፤ እዚያ እያንዳንዱ መሣሪያ ራሱን ችሎ ይቆማል። በዚህ ነጥብ ከባልደረባዬ ጋር አልከራከርም። የማክብሬይን ከበሮ ግን በሸክላው ተርፏል። አልበሙ የሚከፈትባቸው ከባድ ምቶች ከስልኩ ይልቅ እዚህ ደረት ላይ ያርፋሉ፤ ለእነሱ ብቻ ብከፍልም አይቆጨኝም ነበር።

ርዝመቱን በተመለከተ ግን ክርክራችን ገና አላለቀም። «የድሮውም ረጅም ነው፤ ራይም ኦፍ ዚ ኤንሸንት ማሪነር ከዚህ አልበም ዘፈኖች ሁሉ ይረዝማል» አልኳቸው አንድ ሌሊት፣ ሻይ ላይ።

«ይረዝማል» አሉ፤ «ግን ይሄዳል።»

ልክ ናቸው። እዚያ መሐል ላይ ሁሉም ዝም ብሎ ባሱ ብቻውን ይቀራል፣ የመርከብ እንጨት ይንቋቋል፣ አንድ ሰው ግጥም ያነባል፣ ከዚያ ሁሉም ነገር እንደገና ይፈነዳል። በአዲሱ አልበም ሃሪስ ብቻውን የጻፋቸው አራት ዘፈኖች ሁሉም ከዘጠኝ ደቂቃ በላይ ናቸው፤ አራቱም በቀስታ ጊታርና በለሆሳስ ድምፅ ይጀምራሉ፤ በአራተኛው ላይ ሰው «ይኼን አሁን ሰምቼው አልነበረም?» ይላል። «ዴዝ ኦፍ ዘ ኬልትስ» ከእነሱ በላይ ራሱን ይደጋግማል። በጁላይ 2023 ለንደን ኦ-ቱ አዳራሽ ውስጥ ሲጫወቱት እኔ ራሴ የመጠጥ ሰልፍ ላይ ነበርኩ፤ የሄድኩትም ለ1986ቱ አልበም ዘፈኖች ነበር። ከሰልፉ ርዝመት እንዳየሁት ብቻዬን አልነበርኩም።

ያው ምሽት ግን ሌላም ነገር አሳይቶኛል። ተሰናብተው ወጥተው ሲመለሱ የጀመሩት በ«ሄል ኦን ኧርዝ» ነበር፣ በዚህ አልበም መዝጊያ። 11 ደቂቃ ከ19 ሰከንድ። መግቢያው ያንኑ የታወቀ ቀስታ ይዞ ይመጣል፤ ከዚያ ባሱ ፈረስ ግልቢያውን ሲጀምር፣ ጊታሮቹ ዜማውን ሲያነሱት፣ ከእኔ ጎን የነበሩ ጎረምሶች ቃል በሌለበት ቦታ ዜማውን በ«ኦ ኦ» ተቀበሉት። ሕዝብ ይህን የሚያደርገው ለድሮ ዘፈን ነው ብዬ አምን ነበር። ቤት ውስጥ ከሁሉ ያለቀው ሸክላ ይህ ነው፤ ጥቁርነቱ ላይ የጣቴ አሻራ ተከማችቶበታል። «ዘ ራይቲንግ ኦን ዘ ዎል» ይከተለዋል፤ ከዚያ ስለ ቸርችል የተጻፈው፣ በባሕር ወፎች ጩኸት የሚጀምረው «ዳርኬስት አወር»። ሦስቱን ከ1980ዎቹ ዘፈኖች ጎን ሳላፍር አስቀምጣቸዋለሁ። ከቀሩት ሁለት ሦስቱ ደህና ናቸው። የጎደለው ተሰጥኦ ሳይሆን ስቱዲዮ ውስጥ «በቃ» የሚል ሰው ነው። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ስልክ ላይ ሰምታችሁ የወደዳችሁት አንድም ዘፈን ከሌለ ሸክላው ተአምር አይሠራም፤ አንድ ካለ ግን ሌላ ሁለት ይጨምርላችኋል።

በጁን 2025 መጨረሻ ቡድኑ ለንደን ስታዲየም ሲመጣ እኔ ተረኛ ነበርኩ፤ ባልደረባዬ ሄዱ። የዚያ ጉዞ ዝርዝር ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ አልበሞች ብቻ ነው፤ ከ1992 ወዲህ አንድም የለም። ሲመለሱ ምንም አላሉኝም፤ ሻይ ቀዱልኝና ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ከክርክር ሁሉ የከፋ ነበር። በኋላ «ራይምን ተጫወቱት፣ ሙሉውን» ሲሉኝ ካሴቱ ትዝ አለኝ።

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። ቡድኑን ያወቀው በ2021ኙ ቪዲዮ ስለሆነ ለእሱ «ሰንጁትሱ» አዲስ አይደለም፤ መነሻው ነው። «ፓወርስሌቭ»ን ሳስደምጠው «ጋሼ፣ ይኼም ጥሩ ነው» ይለኛል፣ እንግዳ እንደሚያበረታታ። በጣም የሚወደው ደግሞ እኔ በጣም የሚሰለቸኝን «ዘ ፓርችመንት»ን ነው፤ 12 ደቂቃ ከ39 ሰከንድ፣ ከአልበሙ ረጅሙ፣ እንደ ግመል ጉዞ በአንድ ርምጃ የሚሄድ። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፍ እየጣለኝ ጨርሼው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስምንተኛው ዘጠነኛው ደቂቃ ላይ መርፌውን አነሳዋለሁ።

ባለፈው እሑድ መጣና እሱን አጫውትልኝ አለኝ። አስቀመጥኩለትና ቡና ሊፈላ ወደ ነበረበት ሄድኩ። ስመለስ ወንበሩን ወደ ሸክላው አስጠግቶ ተቀምጧል። በልማድ እጄን ወደ መርፌው ስዘረጋ ያዘኝ።

«ጋሼ፣ ቆይ! አሁን ነው የሚመጣው።»

ግመሉ መሮጥ ጀመረ። ከበሮው ተፈታ፣ ጊታሮቹ ከኋላው ተከትለው ፈጠኑ፤ ልጁ ጉልበቱን እየመታ አየኝ። ሊያልቅ የቀረው ሦስት ደቂቃ አይሞላም ነበር።