ጅማ ውስጥ ሾክ አብዞርበር ማስቀየር፦ አስቀድሞ የሚመረምር ጋራዥ

የኮሮላዬን የፊትና የኋላ ሾክ አብዞርበሮች ያስቀየርኩት ከጅማ መርካቶ ወረድ ብሎ በሚገኝ አነስተኛ ጋራዥ ሲሆን፣ ስለ አገልግሎቱ ለመጻፍ ያነሣሣኝ ዕቃ ከማስገዛቱ በፊት የሚያደርገው ምርመራ ነው። መኪና ከፊት በኩል ሲንኳኳ ሳያነሡና ሳያዩ «ሾክ አብዞርበሩ አልቋል፤ ገዝተህ ና» ማለት በብዙ ቦታ የተለመደ ነው፤ ባለመኪናውም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ካስቀየረ በኋላ ያው ድምፅ አብሮት ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ሾክ አብዞርበር የመኪናውን ክብደት አይሸከምም፤ ክብደቱን የሚሸከመው ሞላው ነው። የሾክ አብዞርበሩ ሥራ ጉድጓድ የመታው ሞላ ደጋግሞ እንዳይነጥር መያዝ ሲሆን፣ ይህንንም የሚያደርገው በውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳዎች እያሳለፈ የእንቅስቃሴውን ኃይል ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ፓራኦሊዮው (ዘይቱ በዘንጉ ዙሪያ እንዳይወጣ የሚያግደው ጎማ) ተበልቶ ዘይቱ ሲፈስ ወይም የውስጥ ቫልቮቹ ሲደክሙ ጎማው መሬቱን በሚገባ ስለማይረግጥ፣ ጉዳቱ ከምቾት አልፎ ፍሬን ሲያዝ መኪናው የሚቆምበትን ርቀት ያረዝማል፤ መሪውንም ያዋልላል። ወደ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው መንገድ የግቤን ሸለቆ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። በክረምት ደግሞ ውኃ የሞላው ጉድጓድ ጥልቀቱ ስለማይታይ፣ እዚህ የሚነዳ መኪና ሾክ አብዞርበሩ ቶሎ ቢያልቅ አያስደንቅም።

ወጣቱ መካኒክ በመጀመሪያ አጠገቤ ተቀምጦ በኮብልስቶኑ ላይ በዝግታ እንድነዳ አደረገኝ። ከዚያም አራቱንም ማዕዘን እየተጫነ ሲለቅ፣ የግራ ፊቱ አንዴ ተነሥቶ ከመርጋት ይልቅ ደጋግሞ ተወዛወዘ፤ ሆኖም ይህ ፈተና ጨርሶ የሞተውን እንጂ በግማሽ የደከመውን ሁልጊዜ እንደማያሳይ ነግሮኝ ምርመራውን ቀጠለ። መዳፉን በጎማው ጥርስ ላይ ዙሪያውን ሲያስኬድ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አገኘ፤ ጎማው እየነጠረ መሬቱን ሲመታ የተበላበት ምልክት ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥቶ በመቆሚያ ካስደገፈ በኋላ የሾክ አብዞርበሮቹን አካል በባትሪ እያበራ አሳየኝ። በቀኙ ላይ ያለውን ስስ ወዝ የተለመደ ነው ብሎ አለፈው፤ በግራው ግን ዘይቱ እስከ ታች ወርዶ አቧራና ጭቃ ይዞ ጠቁሯል።

እኔን ያስጨነቀኝ መንኳኳት ግን ከቀኝ በኩል ነበር። «ጋሼ፣ ይሄ ድምፅ የሾክ አብዞርበር አይደለም፤ ሊንኩ ነው» አለኝና የስታብላይዘሩን ሊንክ፣ ማለትም መኪናው በመታጠፊያ እንዳያጋድል የሚይዘውን ብረት ከጎማው በኩል ካሉት ክፍሎች ጋር የሚያገናኘውን አጭር ዘንግ፣ በእጁ ሲነቀንቀው ክፍተቱን በዓይኔ አየሁ። ሊንክ ከሾክ አብዞርበር ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ዕቃ ነው፤ መካኒኩ ዝም ብሎ ቢያልፈኝ ኖሮ እኔ ልለየው አልችልም ነበር። እንዲህ ያለ ታማኝነት ዋጋው ብዙ ነው።

ሾክ አብዞርበር በአንድ አክስል ላይ በጥንድ ስለሚቀየር የፊቶቹን ሁለቱንም፣ ዘይታቸው ፈስሶ የተገኙትን የኋላዎቹንም እንዲሁ ለወጥን። የገዛሁት ካያባ የሚባለውን ብራንድ ነው፤ የፊቱ የግራና የቀኝ ስለሚለያይ መካኒኩ በካርቶኑና በዕቃው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ካመሳከረ በኋላ ነው የተቀበለኝ። የፊቱ ሾክ አብዞርበር ሞላውን በላዩ ተሸክሞ እንደ አንድ ክፍል የሚወጣ ስትራት ስለሆነ፣ የላይኛው ዳዶ የሚፈታው ሞላው በመጭመቂያ በሚገባ ከታሰረ በኋላ ብቻ ነው፤ ያለዚያ ታምቆ የቆየው ሞላ ተፈናጥሮ ሰው ሊገድል ይችላል። እዚህ ቤት መጭመቂያው በሁለቱም በኩል እኩል እስኪጠብቅ ድረስ ማንም ዳዶውን አልነካም። አዲሶቹን በቁማቸው ይዞ ዘንጋቸውን ደጋግሞ እየሳበና እየገፋ አየር አስወጣላቸው። ረዳቱ ዘንጉን በፒንሳ ሊይዝ ሲል ተቆጣው፤ ዘንጉ ከተጫረ አዲሱ ፓራኦሊዮ ወዲያው ይቀደዳልና ቁጣው ተገቢ ነበር። የተሰነጠቀውን የላይ ጎሚኒና ጎርበጥ የሚለውን ኩሽኔታም አብሮ ቀየረ፤ የኋላዎቹን ቡሎኖች ደግሞ በመጨረሻ ያጠበቀው መኪናው መሬት ወርዶ ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ስትራት ከተነካ በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ ማስተካከል) ማሠራት ግድ ሆኖ ሳለ ጋራዡ መሣሪያው የለውም፤ ስለዚህ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና መክፈል ያስፈልጋል፤ ይህንንም ሥራው ካለቀ በኋላ ሳይሆን አስቀድሞ መናገር ነበረበት። ደረሰኙ የዕቃውንና የእጅ ዋጋውን ሳይለይ ድምሩን ብቻ ይጽፋል፤ በጽሑፍ የሚሰጥ ዋስትናም የለም። ግቢው ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ ሲጥል ሥራው ይቋረጣል፤ እንደ ጅማ ዝናብ በሚበዛበት ከተማ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ከዚያ ወዲህ ወደ አጋሮ ስመላለስ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት መደፋቱን ትቷል፤ በመታጠፊያም ይረጋል። በጎማዎቹ ላይ የነበረው ጎድጓዳ ግን ስላልጠፋ ትንሽ ጉምጉምታ ቀርቷል፤ ይህም ጎማው እስኪቀየር የሚቆይ መሆኑን መካኒኩ አስቀድሞ ነግሮኛል። ወደዚህ ጋራዥ የሚሄድ ሰው በማለዳ ቢደርስ፣ ዋጋውን ተለይቶ እንዲጻፍለት ቢጠይቅ፣ አሮጌዎቹን ዕቃዎችም ተረክቦ ቢወጣ ይሻላል፤ እኔ ስጠይቅ ያለ ማንገራገር ሰጥተውኛል።