ጭራዋ የሚደነብረው ሄሊኮፕተሬ፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ይህችን ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞዴል ሄሊኮፕተር ከገዛሁ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ስለ አነሣሷ፣ ስለ ባትሪዋ፣ ስለ መልኳ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁሉም ደኅና ነው። እንድጽፍ ያስነሣኝ ጭራዋ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በደስታ አበረርኋት። ከዚያ አየሩ ደረቅ እያለ ሲሄድ አንድ ነገር ጀመራት። በአንድ ቦታ ረግታ እያንዣበበች ሳለ ጭራዋ ዝንብ እንደነከሳት በቅሎ ድንገት ወደ ጎን ይወረወርና ወዲያው ይመለሳል። እጄ መቆጣጠሪያውን አልነካም፤ ነፋስም የለም። ከፍ ብላ ስትበር ይህ ቢያስደነግጥ ነው፤ ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብላ ስትሆን ግን ክንፏን ያስሰብራል። ሁለት ጊዜ አስሰብሮኛል።

ሻጩ ሲሸጥልኝ «ይህ የርቀት መቆጣጠሪያ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ የሚሠራ ነው፤ የሚረብሸው ሬዲዮ የለም» ብሎኝ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። የድሮዎቹ ሬዲዮዎች በክሪስታል በአንድ ሞገድ ላይ ተወስነው ስለሚሠሩ፣ ሌላ ሰው በዚያው ሞገድ መቆጣጠሪያውን ከከፈተ አየር ላይ ያለችው ትወድቅ ነበር። አዲሶቹ ምልክታቸውን በሰፊ የሞገድ ክልል ላይ ይበትናሉ፤ ብዙዎቹም ከሞገድ ወደ ሞገድ እየዘለሉ ይሠራሉ፤ ሪሲቨሩም (ሄሊኮፕተሯ ላይ ሆኖ ትእዛዙን የሚቀበለው ዕቃ) የሚታዘዘው ለተጣመረለት መቆጣጠሪያ ብቻ ነው። ነገር ግን ጌታው፣ የበር ቁልፍ የውጭውን ሌባ ያስቀር እንደሆነ እንጂ ቤት ውስጥ ለተወለደው ምን ያደርጋል? እኔ ይህን ለመረዳት ሁለት ወር ፈጀብኝ።

በመጀመሪያ የጠረጠርሁት የውጭውን ነው። ከቤትና ከሽቦ ርቄ ሜዳ ወሰድኋት፤ ያው ነች። ቀጥዬ አንቴናዎቹን አየሁ። የሪሲቨሩ አንቴና ሞገዱን የሚቀበለው ሽፋን በሌለው ጫፉ ሲሆን፣ ርዝመቱ 31 ሚሊሜትር ያህል፣ ማለትም የሞገዱ ርዝመት ሩብ ነው። አንዱ ጫፍ በካርቦን ፋይበሩ ክፈፍ ላይ ተኝቶ ነበር። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሞገዱን ይከልላል። ሁለቱን ጫፎች በፕላስቲክ ቱቦ አድርጌ በ90 ዲግሪ ለያየኋቸው። የምትታዘዝበት ርቀት ጨመረ፤ ጭራዋ ግን መደንበሩን አልተወም።

ቮልቴጁም መጠርጠር ነበረበት። ሰርቮዎቹ (በትእዛዙ መሠረት ክንፎቹን የሚያዘነብሉት ትንንሽ ሞተሮች) በአንድ ጊዜ ብዙ ኤሌክትሪክ ሲስቡ 5 ቮልት የሚያገኘው ሪሲቨር ለቅጽበት ተርቦ ሊጠፋና እንደገና ሊነሣ ይችላል፤ ሲያዩት ከሬዲዮ ረብሻ አይለይም። የእኔ ሪሲቨር ከጠፋ በኋላ ሲነሣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ አንድም ቀን አላለም። ከሞተሩ ፍጥነት መቆጣጠሪያ የሚመጣውን ገመድ ረብሻ በሚያፍን የፌራይት ቀለበት ላይ አምስት ጊዜ ጠመጠምሁት። ምንም። በመጨረሻ በሻጩ ምክር አዲስ ሪሲቨር ገዛሁ። ምንም! እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው፤ ሰውዬው አንድም ጥያቄ ሳይጠይቀኝ ዕቃ እንድለውጥ መከረኝ።

ፍንጩን የሰጠኝ አየሩ ነው። ዝናብ በጣለ ማግስት ጭራዋ ሰላም ነበር። ሞተሩ ቆሞ መቆጣጠሪያውን በዝቅተኛ ኃይል አድርጌ ሠላሳ እርምጃ ስርቅ ሁሉም በትክክል ይታዘዛል፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲዞር ግን መቆጣጠሪያው አጠገቧ ቢሆንም ትደነብራለች። ስለዚህ ነገሩ የርቀት አይደለም። አንድ ምሽት ዋናዎቹንም የጭራዋንም ክንፎች ፈታሁ (ይህን ሳያደርግ ማንም ቤት ውስጥ ሞተሩን እንዳያስነሣ)፣ ጠረጴዛ ላይ አሰርኋትና መብራት አጥፍቼ ፍጥነቱን ጨመርሁ። ግማሽ ደቂቃ አልሞላም፤ ጠቅ አለና ከጭራው ቱቦ ወደ ክፈፉ ብሎን ሰማያዊ ብልጭታ ዘለለ። በዚያው ቅጽበት የጭራው ሰርቮ ተወራጨ።

ጭራዋን የሚያዞረው በአሉሚኒየሙ ቱቦ ውስጥ የሚሮጥ ቺንጋ ነው። ቺንጋው በፕላስቲክ ፑሌጃዎች ላይ በፍጥነት ሲሮጥ ከፍትጊያው ኤሌክትሪክ ይወለዳል። ሮበርት ቫን ደ ግራፍ በ1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) በሚሮጥ ቺንጋ ከፍተኛ ቮልቴጅ ያመነጨበት ማሽን በዚሁ መንገድ ነው የሚሠራው። የእኔ ሄሊኮፕተር ቱቦ በፕላስቲክ ስለተያዘ ኤሌክትሪኩ መውጫ የለውም፤ ተጠራቅሞ ተጠራቅሞ ይዘልላል። እርጥብ አየር ቀስ በቀስ ያፈስሰዋል፤ ደረቅ አየር ግን ያቆየዋል። ብልጭታው ራሱ ሬዲዮ ነው፤ በሰፊ የሞገድ ክልል ይጮኻል፤ በአጠገቡ ባለ ገመድም ውስጥ ይገባል። የጭራው ሰርቮ ገመድ ደግሞ ፋብሪካው እንዳሰረው ከቱቦው ጋር ተጣብቆ ነበር የሚሄደው።

መድኃኒቱ የጣት ርዝመት ያላት ሽቦ ሆነች። የቱቦውን ቀለም በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሁ፤ ያ የአሉሚኒየም ሽፋን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና ሳይፋቁ ማሰር ከንቱ ነው። ቱቦውን ከሞተሩ የብረት መያዣ ጋር አገናኘሁና በቴስተር ለካሁ፤ ከአንድ ኦም በታች። የሰርቮውንም ገመድ ከቱቦው አራቅሁት። ከዚያ ወዲህ አራት ወር ሆነ፤ በደረቁም በእርጥቡም ቀን አበረርኋት። የደነበረችው አንድ ቀን ብቻ ነው። ወዲያው አሳርፌ ሳያት ሽቦዋ ከንዝረት የተነሣ ከብየዳው ላይ ተበጥሳ አገኘኋት። ለስላሳ፣ ብዙ ክር ያለው ሽቦ ዘና አድርጌ ተካሁ፤ ጭራዋም ረጋ።

ሞተራችሁ ብራሽ (እየተፋተገ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ክፍል የሚያስተላልፍ ቁራጭ) ያለው ከሆነ ግን ከቺንጋው በፊት ብራሹን ጠርጥሩ፤ እሱም ሲዞር ይበልጭላልና። በሞተሩ ሁለት የኤሌክትሪክ ጫፎች መካከል፣ ከእያንዳንዱም ጫፍ ወደ ሞተሩ የብረት ገላ ረብሻውን የሚያፍን 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር መኖሩን እዩ።

ፋብሪካው ይህችን ሽቦ ለምን እንዳላስገባ አይገባኝም፤ ይህንንም ይቅር አልለውም። ሄሊኮፕተሯን ግን አልሸጥም፤ ብትጠፋብኝም ያችኑ መልሼ እገዛለሁ፤ ከመጀመሪያው በረራ በፊትም ሽቦዋን እበይዳለሁ። ያለ ጥፋቱ የነቀልሁትን የመጀመሪያውን ሪሲቨር መልሼ ገጥሜዋለሁ። ዛሬም የሚያበርራት እሱ ነው።