የዘይት ግፊት ጌጄ፣ ከአስራ አንድ ወር በኋላ

ይህን የሞተር ዘይት ግፊት መለኪያ ጌጅ የገዛሁት ተናድጄ ነው። 1986 ሞዴል ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ፤ 1300 ሲሲ፣ ካርቡሬተር። መንገድ ተዘጋግቶ አንድ ሰዓት ከተጎተትን በኋላ ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ ሲሠራ ቀይዋ የዘይት መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። ነዳጅ ትንሽ ስረግጥ ትጠፋለች። የወሰድኳት ጋራዥ ኮፋኖ እንኳ ሳይከፍት «ብሮንዚናው (የሞተሩን ዋና ዘንግ የሚሸከመው) አልቋል፣ ሞተር ይውረድ» አለኝ።

እቤት ተመልሼ በነጻ የሚቻለውን ሞከርኩ። መብራቷን የሚያበራው ሞተሩ ላይ የታሰረ የዘይት ግፊት ስዊች ነው፤ ስዊቹ ላይ ያለችው ሽቦ አንድ ናት፤ ግፊት ሲጠፋ ስዊቹ ሽቦዋን ከሞተሩ አካል ጋር ያገናኛታል፣ መብራቱም ይበራል። ሽቦዋን ነቅዬ ቁልፍ ስከፍት መብራቱ ጠፋ። ባይጠፋ ኖሮ ሽቦዋ መንገድ ላይ ተልጣ ብረት ነክታለች ማለት ነበር። ስለዚህ ወይ ስዊቹ ነው፣ ወይ ግፊቱ እውነትም ወርዷል። መብራት ደግሞ «አለ» ወይም «የለም» እንጂ ስንት እንደሆነ አይናገርም።

ሶማሌ ተራ ሄጄ ይህን ገዛሁ፦ ከ0 እስከ 10 ባር የሚለካ፣ ፊቱ ግሊሰሪን የሞላበት፣ ግማሽ ሜትር የምትሆን ቱቦና ስድስት ማገናኛ ያለው፣ በፕላስቲክ ሳጥን። ስም የለውም። ዋጋው ከአንድ ጋሎን የሞተር ዘይት ብዙም አይርቅም።

የመጀመሪያው ጣጣ በስዊቹ ቀዳዳ የሚገባው የማገናኛው ጥርስ ነበር። ማገናኛው ላይ «1/8» ተጽፏል፣ የቶዮታው ስዊችም 1/8 ነው፣ ግን ሁለት ዙር ሄዶ ቀጥ አለ። የአሜሪካው 1/8 በአንድ ኢንች 27 ጥርስ አለው፤ የእኛዋ መኪና 28። ቴፕ ጠቅልለህ አስገድደው ያለኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ቶርኖ ቤት ትክክለኛውን አስቀረጽኩ፤ እግረ መንገዴን ስዊቹንና ጌጁን አብሮ የሚይዝ ባለ ሦስት አፍ ማገናኛም አሠራሁ።

ሁለተኛውን ጣጣ ለማወቅ ጊዜ ወሰደብኝ። ጌጁ ከምንም ሳይገናኝ መርፌው ከዜሮ በታች ማቆሚያዋ ላይ ተደግፎ ይተኛል። ብልሽት መስሎኝ ልመልሰው ነበር። ኮምፕሬሰር የሚጠግን ጎረቤቴ አየውና ሳቀ፤ አናቱ ላይ ያለችውን የላስቲክ ክዳን ትንሽ ከፈት ሲያደርጋት መርፌው ዜሮ ላይ መጣ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጌጁ የታሸገው ባሕር ወለል አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ግን 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ውስጡ የታፈነው አየር ከውጪው ስለሚበልጥ ጌጁ ወደ 0.2 ባር ዝቅ አድርጎ ያነባል። ለጎማ ቢሆን ግድ አይሰጥም። በዚያ ዘመን የቶዮታ ሞተሮች ግን በሚኒሞ የሚፈለገው ትንሹ ግፊት 0.3 ገደማ ነው! በደቂቃ 3000 ዙር ደግሞ ከ2.5 እስከ 5።

ክዳኑ ተከፍቶ፣ ሞተሩ በደንብ ሞቆ ለካሁ፤ በሚኒሞ 0.8። 3000ውን በጆሮ ነው የገመትኩት፣ መኪናዬ የዙር መቁጠሪያ የላትም፤ 3.2 አካባቢ ቆመ። በሚኒሞ 0.8 እያነበበ ግን መብራቷ ብልጭ ድርግም ትላለች። ስዊቹን ቀየርኩ፣ ባለ 24 ረጅም ቡሶላ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ መብራቷም አርፋ ተቀመጠች።

በሰባተኛው ወር ከአዳማ ስመለስ እንደገና በራች። በንቀት «አዲሱም ስዊች ሞተ» ብዬ ጌጁን ገጠምኩ፦ በሚኒሞ 0.3 እንኳ አልሞላም፣ በ3000 1.8። አሁን እውነት ነው። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስስብ ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፏል፣ እኔ ግን ጠብታ አልጨመርኩም። ሳሸተው ቤንዚን። በእነዚህ መኪኖች የነዳጅ ፓምፑ ሞተሩ ላይ የታሰረ ሜካኒካል ነው፤ ውስጡ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ዘይቱ እየፈሰሰ ነበር። ወፍራም ዘይት ጨምሬ ብሄድ መብራቷ ትጠፋ ይሆናል፣ ቤንዚኑ ግን መግባቱን አይተውም። ፓምፕ፣ ዘይትና ፊልትሮ ቀየርኩ፤ ጌጁ ወደ 0.8 ተመለሰ። ምክንያቱን ያገኘው ግን አፍንጫዬ ነው፣ ጌጁ ይህን አይነግርህም።

የማልወድለት? እኔ የምፈልገው ከ0 እስከ 1 ያለችውን ጥግ ነው፣ 10 ባር ድረስ ተዘርግቶ መስመሮቹ በ0.2 ይዘላሉ። ዛሬ ብገዛ እስከ 5 ባር ብቻ የሚለካውን እመርጣለሁ። ቱቦው አንገቱ ላይ ማላብ ጀምሯል፣ የጋለ ማርሚታ አጠገብ ዘይት የሚያንጠባጥብ ቱቦ ደግሞ እሳት መጥራት ስለሆነ ለክቼ ወዲያው እፈታዋለሁ እንጂ ታስሮ አይነዳም። ክዳኑን ከፍቶ ጌጁን ማጋደምም ግሊሰሪኑን ሳጥኑ ውስጥ ያፈሰዋል፤ አንዴ አድርጌዋለሁ።

አሁን ያ ጎረቤቴ የወንድሙን ሚኒባስ ሊለካበት ወስዶታል። ቱቦውን ሳይቀይር እንዳይጠቀምበት ነግሬዋለሁ።