የ1972 ጆንሰን 6 ፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር፣ አንድ ሰመር ከተጠቀምኩባት በኋላ

ሲያትል ውስጥ አንድ ሽማግሌ ጎረቤቴ ቤቱን ሊሸጥ የጋራዡን እቃ ሲያወጣ ነው ያየኋት፣ አቧራ ለብሳ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥላ። ጆንሰን ናት፣ 6 ፈረስ ጉልበት፣ ባለ 2 ሲሊንደር ቱ ስትሮክ። ታርጋዋ ላይ 6አር72 ይላል፣ 6 ጉልበቷ፣ 72 ደግሞ የተሰራችበት ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር፣ እኔ ሳልወለድ ማለት ነው። በ150 ዶላር ገዛኋት። ሚስቴ ስንት እንደሆነ ስትጠይቀኝ 80 ነው ያልኩት፣ እባካችሁ ይሄን የምታውቁን ሰዎች ዝም በሉ።

የመጀመሪያ ቀን ሶስተኛው ሳብ ላይ ተነሳች። ሌክ ዋሽንግተን ላይ ወጣን፣ 10 ደቂቃ ያህል ጥሩ ሄደች ሄደችና ድምጿ ተቀየረ፣ ጉልበት አጣች፣ ትንሽ አንገራገረችና ቀጥ። መቅዘፊያ መያዜ በጀኝ። የሚያናድደው ግን ቤት ደርሳ ስትቀዘቅዝ ምንም እንዳልሆነች አንድ ሳብ ላይ ትነሳለች።

እኔ ደግሞ ያው እንደማያውቅ ሰው ነዳጅ ነው አልኩ። ካርቡሬተሩን (ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን) ሁለቴ ፈትቼ አጠብኩት፣ የጓርኒሲዮን (የማሸጊያ) ኪት ገዛሁ፣ የነዳጅ ፓምፕ ቀየርኩ፣ ቱቦ ቀየርኩ (የቱቦው እንኳን አልቆጨኝም፣ እዚህ ቤንዚኑ ውስጥ 10 ፐርሰንት ኢታኖል ስላለ የድሮ ጎማ ይበላል)። ወደ 90 ዶላር ገደማ ወጣብኝ፣ ሞተሯ ግን ያው 10 ደቂቃ ናት። አንድ የጀልባ ጋራዥ ደወልኩ፣ ከ20 ዓመት በላይ የሆነ ሞተር አንነካም አሉኝ፣ ሌላው ደግሞ ለማየት ብቻ የጠየቀኝ ከገዛሁበት ዋጋ በላይ ነው።

በመጨረሻ ባህር ዳር ያለው አጎቴ ጋር በቪዲዮ ደወልኩ። እድሜውን ሙሉ ጣና ላይ ጀልባ ሲነዳና ሲጠግን የኖረ ሰው ነው።

«ጋሼ ካርቡሬተሩን አጠብኩት፣ ቱቦም ቀየርኩ፣ አሁንም ስትሞቅ ትጠፋለች።»

«እሳቷን አየህ?»

«የቱን እሳት?»

«የካንዴላዋን ነዋ፣ ነዳጁን የምታቀጣጥለዋን! ስትጠፋብህ እዛው በትኩሱ እሳት ትስጥ አትስጥ አየህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ካርቡሬተሩ ምን በደለህ?»

በማግስቱ ጓሮ ውስጥ ትልቅ በርሜል ውሃ ሞልቼ አስነሳኋት። ያለ ውሃ ለሙከራም ቢሆን እንዳታስነሱ፣ የውሃ ፓምፑ ጎማ በደረቁ ብዙ አይቆይም። ድምጿ ሲቀየር አጥፍቼ ካንዴላዎቹን ነቀልኩና በ12 ዶላር የገዛኋትን የእሳት መፈተሻ 6 ሚሊ ክፍተት ላይ አድርጌ ገመዱን ሳብኩ። የላይኛው ሲሊንደር ጧ ጧ እያለ ሰማያዊ እሳት ይዘላል። የታችኛው ምንም! ክፍተቱን ሳጠበው ብጫ ክር የመሰለ ነገር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቀዝቅዛ ስሞክር ሁለቱም ደህና። ያ ሁሉ ካርቡሬተር እጥበት ለዚህ ነው እንግዲህ።

ለካንዴላው እሳት የሚሰጠው ቦቢና (የሽቦ ጥቅልሉ) ያለው ቮላኖው፣ ማለትም ሞተሯ አናት ላይ የሚሽከረከረው ከባድ ክብ ብረት ስር ስለሆነ ቮላኖውን ማውጣት ግድ ነው። እዚህ ጋ ተጠንቀቁ፣ በመዶሻ ወይም ጠርዙን በሚይዝ መንቀያ እንዳትሞክሩ ይጣመማል፣ መሃሉ ላይ በ3 ብሎን የሚታሰር መንቀያ አለ፣ እኔ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ በመያዣ ተውሼ በነጻ ነው የሰራሁት። ሲነሳ ስሩ ሁለት ቦቢና፣ ሁለት ፑንቲና (ኤሌክትሪኩን የሚቆራርጥ መነካኪያ)፣ ሁለት ኮንዴንሰር አለ፣ ለየሲሊንደሩ የየራሱ። የታችኛው ሲሊንደር ቦቢና ፕላስቲኩ ዙሪያውን ተሰነጣጥቋል፣ ልክ ውሃ የሸሸው ኩሬ ጭቃ። ሲሞቅ ስንጥቁ ይከፈትና እሳቱ ወደ ካንዴላው መሄዱን ትቶ ወደ ብረቱ ያመልጣል ማለት ነው። ፋብሪካውን አልወቅስም፣ 50 ዓመት ሲሞቅ ሲበርድ የኖረ ፕላስቲክ ምን ይሁን። ሁለተኛውም መሰንጠቅ ጀምሮ ስለነበር ሁለቱንም ቀየርኩ፣ ፑንቲናውን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ ክፍተቱን በፊለር ጌጅ (በክፍተት መለኪያ) ግማሽ ሚሊ ላይ አደረግኩት። ከዛን ቀን ጀምሮ በመሞቅ ጠፍታብኝ አታውቅም።

እቃ አይገኝም ብላችሁ አትፍሩ። ጆንሰንንና ኤቪንሩድ የሚባለውን ሌላ የጀልባ ሞተር ሁለቱንም ይሰራ የነበረው ኩባንያ በ2000 መጨረሻ ከስሯል፣ ኤቪንሩድንም የገዛው ሌላ ኩባንያ በ2020 ማምረት አቁሟል፣ ግን የቦቢናው ቁጥር 584477 ነው፣ ይሄው አንድ ቁጥር በዛን ዘመን ብዙ ሞዴል ላይ ስለሚገጥም ዛሬም ሌሎች እየሰሩት ይሸጣል። ሁለቱን በ70 ዶላር ነው ያገኘሁት። የውሃ ፓምፕ ጎማ ግን ኦንላይን ከአንድ ሻጭ እርካሹን አዝዤ መሃሉ ዘንጉ ላይ የሚላላ መጣልኝ፣ መልሱልኝ ብል ዝም፣ ሁለተኛ ጊዜ ደህናውን ገዛሁ። አሮጌው ጎማ ሲወጣ ክንፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ተጣጥፈው ደርቀው ነበር፣ እንደዛ ሆኖ ውሃ መግፋቱም ይገርማል።

ስለ ውሃ ካነሳን፣ የአሁን ሞተሮች በጎን ቀጭን ውሃ ይተፋሉ አይደል፣ እሷ ያ ነገር የላትም፣ ከእግሯ ጀርባ ካለ ቀዳዳ ከጭስ ጋር የተቀላቀለ ውሃ ነው የምትረጨው፣ እኔ ይሄን ሳላውቅ ተቃጠለች ብዬ ስንት ጊዜ አጥፍቻታለሁ። አሁን ሲሊንደሯ ራስ ላይ እጄን አደርጋለሁ፣ እጄ ከቻለው ደህና ናት።

ቤንዚኑ ውስጥ የሚቀላቀለው ዘይት 50 ለ 1 ነው፣ ለአንድ ጋሎን ቤንዚን 2.6 አውንስ። እኔ የድሮ ነው ይብዛላት ብዬ እጥፍ ስጨምር ነበር፣ አጎቴ ቪዲዮው ላይ ጭሱን አይቶ «ሞተር ነው ወይስ እጣን?» አለኝ።

አሁንም የማልወድላት ነገር አለ። ድምጿ ከባድ ነው፣ ተሳፋሪ ጋር ለማውራት መጮህ ነው። አንዴ የተንሳፈፈ ግንድ ነክታ የፕሮፔለሯ ፒን ተቆረጠ፣ እሱ ማርሹን ለማዳን ተብሎ እንዲቆረጥ የተሰራ ስለሆነ ጥፋቷ አይደለም ግን መለዋወጫ ፒንና ፒንሳ ሁሌ ኪስ ውስጥ መኖር አለበት። በሌላ በኩል አንድ ሰው ብቻውን ተሸክሟት ይሄዳል፣ ለሶስት ሰው አሳ ማስገሪያ ጀልባ በቂ ናት፣ ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ የጀልባ ነጂ ካርድ የሚጠይቀው ከ15 ፈረስ ጉልበት ጀምሮ ስለሆነ ያ ጣጣም የለም።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻታለሁ። ብሎን መፍታት ለማይወድ ግን 1 ናት፣ ጋራዥ ከወሰዳችኋት አዲስ መግዛት ይሻላችኋል።

እንደሷ አይነት ልትገዙ ከሄዳችሁ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደር ግፊት) መለኪያ ያዙ፣ የኔ 78 እና 75 ፒኤስአይ ነው የሰጠኝ፣ ቁጥሩ ከፍ ከማለቱ በላይ ሁለቱ ሲሊንደሮች መቀራረባቸውን እዩ። የታች ማርሽ ዘይቱን ብሎን ላላ አድርጋችሁ ጠብ አድርጉት፣ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ሻጩ ደግሞ ቀድሞ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቃችሁ፣ እስክትቀዘቅዝ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱና ራሳችሁ አስነሱ፣ ከዛ ሳታጠፉ ቢያንስ 15 ደቂቃ ቆሙ።