ሻርኩ ይሻላል ወይስ ባለፕሮፔለሩ?

ለልጆች ቤት ውስጥ በሪሞት የሚበር ፊኛ ልትገዙ ካሰባችሁ ሁለት አይነት አለ። አንዱ ኤር ስዊመርስ የሚባለው ሻርክ ነው፣ ጭራውን ግራ ቀኝ እያወዛወዘ ነው የሚሄደው፣ ሆዱ ስር ያለችው ክብደት ወደፊት ስትንሸራተት አፍንጫውን ደፍቶ ይወርዳል ወደኋላ ስትመለስ ደሞ ይወጣል፣ በቃ ቁርጥ አሳ! ግን ቀርፋፋ ነው፣ ሪሞቱም ኢንፍራሬድ (በማይታይ ብርሃን የሚሰራ) ስለሆነ ወደሱ ካላዞራችሁት አይታዘዝም።

ሌላኛው ባለፕሮፔለሩ ነው፣ በሞተር በሚሽከረከሩ ትንንሽ ክንፎች ነው የሚሄደው፣ ሞተሮቹ ትንሽ ይጮሃሉ እንጂ ቶሎ ይታጠፋል፣ ለጠባብ ሳሎን እሱ ይሻላል።

ሂሊየም (ከአየር የሚቀል ጋዝ) ሁለቱም ይፈልጋሉ፣ ዋናው ወጪም እሱ ነው ምክንያቱም ቀስ እያለ ስለሚያመልጥ መሙላት አለባችሁ። 1 ሊትር ሂሊየም የሚያነሳው 1 ግራም አካባቢ ብቻ ነው፣ ለዛ ነው ሻርኩ እንደዛ የገዘፈው። ደሞ ከውጭ ገዝታችሁ አዲስ አበባ ልትልኩ ያሰባችሁ ቆይ እስቲ፣ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ያው ፊኛ የማንሳት አቅሙ ሩብ ያህል ይቀንሳል፣ ለባህር ዳርቻ ከተማ የተመጠነው ምንጣፉ ላይ ተኝቶ ሊቀር ይችላል።

እኔ ሰፊ ቤት ቢኖረኝ ሻርኩን ነው የምገዛው፣ ቬንትሌተሩን ግን አጥፉት።