ቱሉ ጉዶ እንወስዳችኋለን ብለው ጉማሬ አሳይተው ከሚመልሱ ተጠንቀቁ

እናቴ ትናንት ለገዳሙ ይዛው የሄደችው መጋረጃ አሁንም ፌስታሉ ውስጥ ነው። ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ እያየሁት ነው ይህን የምጽፈው። ቤት የገባነው ማታ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነበር። እሷ ምንም ሳትናገር ገብታ ተኛች። እኔ ግን እስከ ንጋት ዓይኔን አልከደንኩም። ስለዚህ ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

እነዚህን የቅዳሜና እሁድ ጉዞ አዘጋጆች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። ቴሌግራም ላይ ፖስተር ይለቃሉ። ከላይ ገዳም፣ መሃል ላይ ቦርሳ አዝላ ተራራ የምትወጣ ልጅ፣ ከታች ጀልባ። "ቁርስ፣ ምሳ፣ ውሃ፣ ትራንስፖርትና ፎቶን ጨምሮ።" "የቀሩን 4 ወንበሮች ብቻ ናቸው።" ረቡዕ 4 ነበሩ፣ ሐሙስም 4 ነበሩ። ይህን አይቻለሁ። ገብቶኝም ነበር። ግን ቱሉ ጉዶ የሚለውን ስም ሳነብ ሌላውን ሁሉ ተውኩት።

ለማታውቁት፣ ቱሉ ጉዶ ከዝዋይ ሐይቅ አምስት ደሴቶች ትልቁ ነው። ከባቱ ከተማ ስትነሱም ሩቁ እሱ ነው። የደብረ ጽዮን ገዳም ያለው ደሴቱ ኮረብታ ላይ ሲሆን ከጀልባ ወርዶ በእግር ይወጣል። ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሸሹ፣ 70 ዓመትም እዚህ ተጠብቃ ቆየች ይባላል። ደሴቱ ላይ የሚኖሩት ዛዮች እስከ ዛሬ የራሳቸው ቋንቋ አላቸው። እናቴ ይህን ታሪክ ከእናቷ እየሰማች ነው ያደገችው። አንድም ቀን ግን ሄዳ አታውቅም።

ዓምና ለሐሞት ጠጠር ኦፕራሲዮን ስትገባ ተሳለች። "በሰላም ካወጣሽኝ ደጅሽን እስማለሁ፣ መጋረጃ አገባለሁ" ብላ። በሰላም ወጣች። መጋረጃውን ሽሮ ሜዳ ሄዳ ከጡረታዋ ላይ ቆጥባ ገዛችው። ቀይ ነው፣ ጠርዙ ላይ ወርቃማ ጥልፍ አለው። ወራት ሙሉ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጣ የሚወስዳት ሰው ስትጠብቅ ነበር። የሚወስዳት ሰው እኔ ነኝ መቼም።

ሐሙስ ማታ አስተባባሪው ጋ ደወልኩ። በደንብ ነው የነገርኩት። "እናቴን ይዤ ነው የምመጣው። ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ስለት አለባት። ገዳሙ ድረስ መግባት አለባት፣ ካልሆነ አልመጣም" አልኩት። ያለኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። "እህቴ ምንም አታስቢ፣ ማዘርን ተሸክመንም ቢሆን እናደርሳታለን።" ይህን ሲለኝ አንጀቴን በላው። ለእናቱ የሚያስብ ልጅ መሰለኝ። ወዲያው ስልኬን አንስቼ የሁለታችንን 5,600 ብር በቴሌብር ላክሁ። ግማሹን ብቻ አይደለም፣ ሙሉውን። የድርጅት ሳይሆን የግለሰብ ስም ነው የመጣልኝ፣ አየሁት፣ ዝም ብዬ አጸደቅሁት። ደረሰኝ ስለው "ስክሪንሾቱ ይበቃል" አለኝ። እሱንም እሺ አልኩ።

መነሻው ስታዲየም ጠዋት 12 ሰዓት ነው ተባለ። እናቴ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምሮ ነቅታ ጸሎቷን አድርሳ ነጭ በነጭ ለብሳ ተቀምጣለች። እኛ 11፡45 ላይ ደረስን። መኪናው የተነቃነቀው 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ወንበር እስኪሞላ እየጠበቁ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ፤ የሚያደነቁር ሙዚቃ፣ መተላለፊያው ላይ ጭፈራ፣ ሞጆ ላይ አንድ ሰዓት ከምናምን የፈጀ ቁርስ። ባቱ ስንገባ 6 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረውም።

እኔ በቀጥታ ሐይቁ ዳር የምንወርድ መስሎኝ ነበር። ምሳ ቤት ወሰዱን። ገና ቁርስ ከበላን ሁለት ሰዓት ተኩል አልሞላንም። ዓሣ ጥብሱ እስኪመጣ፣ እስኪበላ፣ ቡና እስኪጠጣ፣ ቡድን ቡድን ሆኖ ፎቶ እስኪነሳ ጠበቅን። ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠየቅሁት። "ሁሉም በፕሮግራሙ መሠረት ነው፣ ዘና በይ" አለኝ። እናቴ እንጀራውን ቆርሳ ተወችው። ገዳም ሳትሳለም አትበላም። ይህንንም አይቶ ነው ዘና በይ ያለኝ።

ራሴን ይቅር ማለት ያቃተኝ እዚህ ላይ ነው። ጀልባው ከባቱ ቱሉ ጉዶ ለመድረስ ብዙ ሰዓት እንደሚወስድ አንብቤያለሁ። ዝዋይ ከሰዓት በኋላ ንፋስ እንደሚነሳበት ሰምቻለሁ። ሰዓቴ እጄ ላይ ነው። ደርሶ መልስ ሲታሰብ፣ ኮረብታው ሲታሰብ፣ አዲስ አበባ መግባቱ ሲታሰብ እንደማይሆን መደመር ለሚችል ሰው ሁሉ ግልጽ ነው። እኔ ግን አልደመርኩም። ልጁ ቃል ገብቶልኛል ብዬ ተቀመጥኩ።

ጀልባ የያዝነው 8 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። 18 ሰው ሆነን ወጣን። ላይፍ ጃኬቱ 11 ብቻ ነበር። አንዱን ለእናቴ አስሬላት እኔ ያለምንም ተቀመጥኩ። እሷ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ውሃው እንዳይነካው ጫፉን ሁለት ጊዜ ቋጥራዋለች።

ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ሞተሩ ቀዘቀዘ። ጉማሬዎች አሉ ተባለ። ጆሮና ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ ተነሳ፣ ጀልባው ተናወጠ። እናቴ ጉማሬዎቹን ዞር ብላም አላየቻቸውም። ከፊት ለፊታችን ርቆ የሚታየውን ሰማያዊ ኮረብታ ነበር የምታየው። "ያቺ ናት?" አለችኝ። "አዎ እማዬ" አልኳት። አማተበች። ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ጀመር።

ከዚያ ሞተሩ እንደገና ተነሳ። ጀልባውም ዞረ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ጉማሬዎቹን ሊያልፍ መስሎኝ ነበር። ግን ፊት ለፊታችን የነበረው ኮረብታ ወደ ቀኛችን ሄደ። ከቀኛችን ደግሞ ወደ ኋላችን። እናቴ ኮረብታውን እየተከተለች አንገቷን ታዞራለች። መዞር እስከሚያቅታት ድረስ ዞረች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ምንም አላለችም። ያንን አስተያየት እስክሞት አልረሳውም።

"ወንድሜ፣ ወዴት ነው?" አልኩት አስተባባሪውን።

"እየተመለስን ነዋ።"

"ገዳሙስ?"

"እህቴ፣ ሰዓቱን አታዪም እንዴ? ንፋስ ተነስቷል። ለእናንተው ደህንነት ነው።"

ለደህንነታችን ማለቱ ነው፣ ሰባት ሰው ላይፍ ጃኬት በሌለበት ጀልባ ላይ። ደሜ ፈላ። ወደ ባለጀልባው ዞርኩ። ጎልማሳ ሰውዬ ናቸው፣ ከመነሻችን ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሱም። "አባቴ፣ ንፋሱ ነው ወይ የመለሰን?" አልኳቸው። አስተባባሪውን አዩት፣ እናቴን አዩዋት፣ ከዚያ ለእኔ መለሱልኝ።

"ልጄ፣ እኔ የተነገረኝ ጉማሬ አሳይተህ መልስ ነው። የተከፈለኝ የአንድ ሰዓት ነው። ቱሉ ጉዶ የሚሄድ ሰው በጠዋት ነው የሚወጣው። በዚህ ሰዓት ማንም አይወስድሽም።"

"መቼ ነው የነገሩዎት?"

"ማክሰኞ።"

እኔ የደወልኩት ሐሙስ ነው። "ተሸክመንም ቢሆን እናደርሳታለን" ያለኝ ሐሙስ ነው። ጉዞው ጉማሬ ታይቶ እንደሚያልቅ ከሁለት ቀን በፊት ተነጋግሮ፣ ዋጋ ተደራድሮ ጨርሷል። ስለቷን ነግሬዋለሁ፣ ሕመሟን ነግሬዋለሁ። ሰምቶኝ፣ አዎ አዎ ብሎኝ፣ ብሩን ተቀብሎኛል። አርፍደን ሳይሆን፣ ንፋስ መጥቶብን ሳይሆን፣ ከመጀመሪያውም ሊወስደን አላሰበም። ምሳው የተጎተተው ለዚህ ነው። ሰዓቱን እሱ ነው ያቃጠለው፣ በኋላ "ሰዓት አልፏል" እንዲለን።

ይህን ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ጀልባው ውስጥ ካሉት አንዳንዶቹ አቀረቀሩ፣ አንዱ ልጅ "ሙዱን አታበላሹብን" አለ። አስተባባሪው ግን አላፈረም። ወደ እናቴ ጎንበስ ብሎ ምን አላት መሰላችሁ? "ማዘር፣ ከተማ ውስጥም እኮ ቤተ ክርስቲያን አለ። እዛ ስጪው፣ ያው አንድ ነው።"

ስጪው። ለእናቴ። በዕድሜ አያቱ ልትሆን ለምትችል ሴት፣ ያውም አታሏት፣ አንቺ ብሎ። ብሩ ይቅርብኝ፣ ይህ ግን አሁንም ጉሮሮዬ ላይ ቆሟል። ልመልስለት አፌን ስከፍት እናቴ እጄን ያዘችኝ። "ተዪው ልጄ፣ ውሃ ላይ አትጣዪ" አለች። ፌስታሉን ከጭኗ አንስታ እግሯ ሥር አስቀመጠችው።

ሃይኪንግ የተባለው ደግሞ ዳር ከወረድን በኋላ ዓሣ አጥማጆቹ የጣሉትን ትርፍራፊ ከሚለቃቅሙት ትልልቅ ወፎች መሃል ሩብ ሰዓት ያህል መንሸራሸር ነው። ስለሱ ብዙ አልልም።

ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ መኪና ውስጥ ብሬን እንዲመልስልኝ ጠየቅሁት። "ትራንስፖርቱንና ምሳውን ተጠቅመሻል" አለኝ። ማታ በቴሌግራም ጻፍኩለት። "ፖስተሩ ላይ ፕሮግራሙ እንደ ሁኔታው ሊቀየር ይችላል ይላል" ብሎ መለሰልኝ። ፖስተሩን ከፍቼ አሳድጌ አየሁት። እውነትም ከታች፣ ከጀልባዋ ሥር፣ በጉንዳን ፊደል ተጽፏል። ግን ምን ሁኔታ ነው የተቀየረው? ማክሰኞ ዕለት ምን ንፋስ ነበር? ይህንኑ ግሩፑ ላይ ጻፍኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጽሑፌ ተሰረዘ፣ እኔም ተባረርኩ። የሚቀጥለው ሳምንት ፖስተር ግን ተለቋል። ያው ገዳም፣ ያው ኮረብታ። የቀሩት 4 ወንበሮች ብቻ ናቸው።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሐሰተኛና አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ነገ ስክሪንሾቶቹን ሁሉ አትሜ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። እናንተ በተመሳሳይ ጉዞ የተታለላችሁ ካላችሁ የከፈላችሁበትን አታጥፉት፣ አብረን እንሂድ።

ደሴት ያለበት ጉዞ ስትከፍሉ ደግሞ ጀልባው በስንት ሰዓት እንደሚነሳና የት ድረስ እንደተከፈለው አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከተቻለም ባለጀልባውን ራሱን አግኙት። ሙሉ ክፍያ አትላኩ። በግለሰብ ስም ደግሞ ጭራሽ አትላኩ።

ባለጀልባው ስንወርድ ስልካቸውን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ለእናቴ ሰጥተዋታል። "እናቴ፣ ዋዜማውን ባቱ እደሩና ጠዋት 1 ሰዓት ውሃው ዳር ድረሱ፣ እኔ ራሴ አደርስዎታለሁ" ብለዋት ነው። ዛሬ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ካርቶኑን የት እንዳስቀመጥኩት ነው። ፌስታሉ ውስጥ ነው አልኳት፣ ከመጋረጃው ጋር።